“ዓሣው ፍሪዘር ገብቶ የወጣ ነው” ቢሏችሁ ከሱሺ ቤቱ አትውጡ

ጥያቄው፦ “የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጥሬ ዓሣ ከሩዝ ጋር የምታቀርብ አንዲት ትንሽ ሱሺ ቤት አለች። ቅዳሜ ማታ እኔና ባለቤቴ እዚያ መብላት ለምደናል። እሱ ‘ቁርጥና ክትፎ በልቼ ነው ያደግኩት፤ ጥሬ ዓሣ ምን ያደርገኛል? ትል ቢኖርስ ዋሳቢው፣ ያ የሚያቃጥለው አረንጓዴ ማባያ፣ ይገድለው የለ?’ ይላል። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛችን ዓሣው ፍሪዘር ገብቶ የወጣ መሆኑን ከአስተናጋጇ ሰምታ ‘ትኩስ የሚያቀርብ ቤት ፈልጉ’ አለችን። እኔ ደግሞ አሁን የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቤቱን እንቀይር? እኔስ ሱሺ መተው አለብኝ?”

ምላሽ፦

ዓሣው ፍሪዘር ገብቷል ብላችሁ ቤቱን አትቀይሩ። ጓደኛችሁ እንደ ጉድለት የቆጠረችው ነገር ጥሬ ዓሣ ለሚበላ ሰው ዋናው መከላከያ ነው። እርስዎ ግን እስኪወልዱ ድረስ ጥሬውን ይተዉ። ሱሺ ቤት መሄዱን መተው የለብዎትም፤ የሚያዙትን ነው የሚቀይሩት። ባለቤትዎ ያሏቸው ሁለቱም ነገሮች ደግሞ አያስኬዱም።

ከእሳቸው ልጀምር፤ ይህን አባባል ከብዙ የአገር ልጅ እሰማዋለሁና። ቁርጥ በልቶ ማደግ ከዓሣ ትል አያድንም። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣብን ኮሶ ነው። የትሉ እጭ በበሬው ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው ሲበላው አንጀት ውስጥ ገብቶ ያድጋል። አንዴ ኮሶ የያዘው ሰው መድኃኒት ወስዶ ከዳነ በኋላ ጥሬ ሥጋ ካላቆመ እንደገና ይይዘዋል። ቁርጥ በሚወደድበት ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሰውነታችን ዕድሜ ልካችንን አብሮን የኖረውን ኮሶ እንኳ መከላከል ካልቻለ፣ ከባሕር የመጣውን ሌላ ዓይነት ትል የሚከላከልበት ምክንያት የለም።

ጓደኛችሁ ስለ ትኩስነት ያለችው ነገርም ከዚሁ ከሥጋ ልማዳችን የመጣ ይመስለኛል። እኛ ሥጋ የምናምነው ጠዋት ታርዶ ቀን ሲበላ ነው። ማቀዝቀዣ እንደልብ በሌለበት አገር ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው፤ ባክቴሪያው ለመባዛት ጊዜ ሳያገኝ ተበላ ማለት ነው። ትል ግን ሌላ ነገር ነው። ትሉ እንስሳው በሕይወት ሳለ ነው የገባው። ሥጋው ትኩስ በሆነ ቁጥር ትሉም ትኩስ ነው።

በባሕር ዓሣ ላይ በይበልጥ የሚያሳስበን አኒሳኪስ የሚባለው ትል ነው። ትልቁ ትል የሚኖረው በዓሣ ነባሪ፣ በዶልፊንና ሲል በሚባለው የባሕር እንስሳ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራቸው ጋር ባሕር ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣውን እጭ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይበሉታል፤ እነሱን ደግሞ ዓሣና ስኩዊድ ይበሏቸዋል። እጩም ዓሣው ሆድ ዕቃ ላይ ወይም ሥጋው ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ነጣ ያለ ቀጭን ክር ይመስላል። በዓይን ይታያል፤ ግን ሳልመን ላይ ከነጩ የስብ መስመር አጠገብ ሲተኛ ለይቶ ለማየት የለመደ ዓይን ይፈልጋል። ዓሣው ከሞተ በኋላ አንዳንዱ እጭ ከሆድ ዕቃው ወጥቶ ወደ ሥጋው ይገባል።

ይህ ትል ሰው ሆድ ውስጥ አድጎ መኖር አይችልም። ችግሩ ከመሞቱ በፊት የሚያደርገው ነው። የጨጓራውን ወይም የአንጀቱን ግድግዳ ለመብሳት ይሞክራል። ሰውየው ሱሺ በበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ሊይዘው ይችላል። ሐኪም በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ገብቶ ትሉን ይዞ ሲያወጣው ሕመሙ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ አለርጂ ይቀሰቅሳል፤ ሽፍታ፣ እብጠት፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ እስከማሳጣት።

አኒሳኪስን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚገድሉት እሳትና ከባድ ቅዝቃዜ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ለክፍለ ግዛቶች አብነት አድርጎ ያወጣው የምግብ ደንብ ጥሬ የሚቀርብ ዓሣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን እንዲቆይ ያዛል። ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ድረስ የሚወርድ ፍሪዘር ያለው ድርጅት ደግሞ ዓሣው ድንጋይ ከሆነ በኋላ በዚያው ቅዝቃዜ 15 ሰዓት ቢያቆየው ይበቃል። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ምግብ ቤቱ ሳይሆን ዓሣ አቅራቢው ነው። ምግብ ቤቱ “ይህ ዓሣ በደንቡ መሠረት ቀዝቅዟል” የሚል ወረቀት ከአቅራቢው ይቀበላል፤ ዓሣው ከተሸጠ በኋላም ወረቀቱን 90 ቀን ማስቀመጥ አለበት። የጤና ተቆጣጣሪ ሱሺ ቤት ሲገባ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ወረቀት ነው። እናም አስተናጋጇ “አዎ፣ ፍሪዘር ገብቶ ነው የመጣው” ማለቷ ቤቱ ሥራውን እንደሚያውቅ ነው የሚያሳየው።

ቤት ውስጥ ይህን እንሞክረው እንዳትሉ። የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው የሚቆየው፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ደግሞ ይሞቃል። ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ሳልመን እቤት አቀዝቅዛችሁ በጥሬው አትብሉ። እሽጉ ላይ “ሱሺ ግሬድ” የሚል ቢጻፍበትም የሻጩ አባባል ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የተተረጎመ ደረጃ አይደለም።

ከዚህ የማቀዝቀዝ ግዴታ ነፃ የሆኑ ዓሦች አሉ። አንዱ ቱና ነው፤ ትልልቆቹ የቱና ዝርያዎች በደንቡ በስም ተጠቅሰው ተፈቅደዋል። ሌላው በእርባታ አድጎ ትል የሌለበት የተዘጋጀ መኖ ብቻ የበላ ዓሣ ነው። በሰፈር ሱሺ ቤት የምታገኙት ሳልመን በአብዛኛው ይኸኛው ነው፤ የአትላንቲክ የእርባታ ሳልመን። ይህ ራሱ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ጃፓኖች ድሮ ሳልመን በጥሬው አይበሉም ነበር። የሚያውቁት የፓሲፊክን ሳልመን ነበር፤ እሱ ደግሞ ትል እንዳለበት ስለሚያውቁ አብስለው ወይም ጨው ነስንሰው ነበር የሚበሉት። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ኖርዌዮች የእርባታ ሳልመናቸውን ለሱሺ ይሁን ብለው ጃፓን ወስደው ለዓመታት ገፉበት። ዛሬ ሳልመን የሌለበት የሱሺ ሜኑ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከባሕር የተያዘው ሳልመን ላይ ነው። ሜኑ ላይ “ዋይልድ”፣ “ሶክአይ”፣ “አላስካ” የሚሉ ቃላት ካያችሁ ፍሪዘር መግባቱን ጠይቁ። ይህ ሳልመን ከአኒሳኪስ ሌላ ረጅም የዓሣ ኮሶም ሊያመጣ ይችላል። የጃፓኑ የዓሣ ኮሶ ትል እጭ በአላስካ ሳልመን ላይ ጭምር መገኘቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። እንዲህ ያለውን ዓሣ የሚሸጥ ሰው ኩራት እየተሰማው “የእኛ ፍሪዘር አይቶ አያውቅም፣ ትናንት ነው የመጣው” ቢላችሁ ሌላ ነገር እዘዙ።

እግረ መንገዴን ስለ አገር ቤትም ልናገር፤ ጉዳዩ አንድ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቆሞ ከዓሣው ላይ እየተገፈፈ ጥሬውን በዳጣ የበላ ሰው ብዙ ነው። ጣዕሙን የሚነቅፍ የለም። ግን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ቆሮሶ (ቲላፒያ) የራሱ ትሎች አሉት፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከውኃው ወጥቶ በቀጥታ ነው የሚበላው። ዋናዎቹ የሱሺ ዓሦች የባሕር ዓሦች ናቸው፤ የሐይቅና የወንዝ ዓሣ በጥሬው ሲሆን ይበልጥ ያስፈራል። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ “ሱሺ ለምጃለሁ” ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እዚያ ጥብሱ አለ፣ ዱለቱ አለ፤ በደንብ የበሰለውን ብሉ።

ዋሳቢው ምን ይሠራል? ያጣፍጣል። በሰፈር ሱሺ ቤት የሚቀርበው አረንጓዴ ሊጥ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ዋሳቢ እንኳ አይደለም፤ ሆርስራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ነው። እውነተኛውም ቢሆን ሳህን ዳር ላይ በምትቀመጠው መጠን ትል አይገድልም። ሶይ ሶስም፣ ሎሚም፣ አቼቶም፣ አብሮ የሚጠጣው መጠጥም እንደዚሁ። በአቼቶ የተዘፈዘፈ ማከሬል የሚባል ዓሣ ጃፓን ውስጥ አኒሳኪስ በተደጋጋሚ ከሚያስይዙ ምግቦች አንዱ ነው፤ ትሉ አቼቶውን ችሎ ይኖራል። ሚጥሚጣ የክትፎን ኮሶ እንደማይገድል ሁሉ ዋሳቢም የዓሣን ትል አይገድልም። ባለቤትዎ ዋሳቢውን ለጣዕሙ ይብሉት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሰው ሱሺ ሲባል ትሉን ነው የሚፈራው። ትሉ ግን በፍሪዘር ያለቀለት ጉዳይ ነው። ቅዝቃዜ የማይገድለው ባክቴሪያ ነው። ፍሪዘር ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ዓሣው ሲቀልጥ ይነቃል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ የተነሣ ትልቅ ወረርሽኝ ነበር። በ28 ክፍለ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ 425 ሰው መታመሙ ተመዘገበ። ምንጩ በረዶ ሆኖ የገባ ጥሬ ቱና ነበር። ያውም ሙሉው ሥጋ አይደለም፤ ከአጥንቱ ላይ ተፍቆ የተሰበሰበው የተፈጨው ክፍል ነው። ብዙው በሱሺ ቤቶች “ስፓይሲ ቱና” ሆኖ ነው የተበላው።

ይህን ሐበሻ ቶሎ የሚረዳው ነገር ነው። ቁርጥና ክትፎ አንድ አይደሉም። ሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው ያለው ከላይ ነው፤ ሲከተፍ ግን የላዩ ሁሉ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል። የተፈጨ ቱናም እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ ማዮኔዝና ቃሪያ ስላለበት ዓሣው ቢቆይ እንኳ ሽታውና ቀለሙ አይነግራችሁም። ዋጋው ርካሽ የሆነበትም ምክንያት አለ፤ ጭራና ቁርጥራጭ የሚሄደው እዚያ ነው። ደህና ቤት ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል። ቤቱን ገና ካላወቃችሁት ግን ስፓይሲ ቱናን ትታችሁ ቅርጹ የሚታይ፣ በወጉ የተቆረጠ ዓሣ እዘዙ።

ቱናና ማከሬል ሌላ ጠባይም አላቸው። ከተያዙ በኋላ በደንብ ካልቀዘቀዙ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይከማቻል። ይህ ነገር አንዴ ከተፈጠረ ፍሪዘርም እሳትም አያጠፋውም። የበላው ሰው በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። አንዳንዴ ዓሣው ገና አፍ ውስጥ ሳለ በርበሬ የነካው ያህል ይለበልባል፤ ያኔ ወዲያው ትፉት። ይህ የዓሣ አለርጂ አይደለም፤ የአያያዝ ብልሽት ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ “ዓሣ አይስማማኝም” ብሎ ዕድሜ ልኩን የተወ ሰው አይጠፋም። እንዲህ የገጠመው ሰው ሐኪም ጋ ሄዶ አለርጂ መሆን አለመሆኑን ይመርመር።

ሩዙንም እንዳትንቁት። በክፍል ሙቀት የሚቀመጥ የበሰለ ሩዝ ለባክቴሪያ ጥሩ ማረፊያ ነው። የሱሺ ሩዝ አቼቶ የሚገባበት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ባክቴሪያው እንዳይባዛ ያግደዋል። ደንቡን የሚከተል ቤት የሩዙን አሲድነት በመሣሪያ ይለካል፤ ፒኤች የሚባለው ቁጥር ከተወሰነለት ልክ በላይ መሆን የለበትም። ይህን ካላደረገ ሩዙን ከ4 ሰዓት በላይ ውጭ ማቆየት አይችልም። ጥሩ የሱሺ ሩዝ ለብ ያለ፣ እህሉ ተለይቶ የሚታይና ጎምዘዝ ያለ ነው። ድርቅ ብሎ የቀዘቀዘ ሩዝ ከመጣላችሁ ሮሉ፣ ማለትም በሩዝ ተጠቅልሎ የሚቆራረጠው ሱሺ፣ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው።

ታዲያ ቤቱን በምን እንለየው ለምትሉ፣ ባንኮኒው አጠገብ ተቀመጡ። ዓሣው የተደረደረበት የመስታወት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ፤ 41 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለበት፤ በእኛ 5 ዲግሪ ነው። የሼፉን እጅ ተመልከቱ። ጥሬ ዓሣ ቆርጦ፣ ስልኩን ነክቶ፣ ተመልሶ ሩዝ ከጨበጠ ጓንት ማድረጉ ምንም አይጠቅምም። መክተፊያው አጠገብ ያለውን ጨርቅም እዩ። ቢላዋ በየጊዜው የሚጠረግበት ጨርቅ ረጥቦና ቆሽሾ ከዋለ ያ ጨርቅ ሙሉውን ቀን ከዓሣ ወደ ዓሣ ያመላልሳል። በሩን ስትከፍቱ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ቤት ካጋጠማችሁ ተመለሱ። በደንብ የተያዘ ጥሬ ዓሣ አይሸትም ማለት ይቻላል። ሰው የሚበዛበት ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ዓሣው ቶሎ ይወጣል። ቤቱ ሊዘጋ ሲል የሚቀርብ “የቻልከውን ያህል ብላ” ላይ ግን ጥሬውን ባልነካው እመርጣለሁ። የቨርጂንያ ጤና መሥሪያ ቤት የምግብ ቤቶችን የቁጥጥር ሪፖርት በኢንተርኔት ያወጣል፤ የቤቱን ስም አስገብታችሁ አንብቡት። አንድ ጊዜ የተገኘ ጥፋት አያስደንግጣችሁ። የማቀዝቀዣ ሙቀትና የእጅ መታጠብ በተከታታይ ሪፖርቶች ላይ እየተደጋገመ ከተጻፈ ግን ቤቱን ቀይሩ። ለመቀየር በቂ ምክንያት እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከስሙ ተጠንቀቁ። “ዋይት ቱና” ተብሎ የሚቀርብ ነጭ፣ ቅቤ የመሰለ ዓሣ ብዙ ጊዜ ቱና አይደለም፤ ኤስኮላር የሚባል ዓሣ ነው። ስቡ በሰው ሆድ አይፈጭም፤ በዛ አድርጎ የበላውን ሰው ዘይት የመሰለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ጃፓን ውስጥ መሸጥ አይፈቀድም። እዚህ ግን ይሸጣል። እርጉዝ ባይሆኑም ይቅርብዎ።

አሁን እርስዎ። በእርግዝና ጊዜ ዋናው ስጋቴ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ፍሪጅ ውስጥም መባዛቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው በ10 እጥፍ ገደማ ለዚህ በሽታ ትጋለጣለች። እናቲቱን እንደ ቀላል ጉንፋን ሊያልፋት ይችላል፤ ልጁ ላይ ግን ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ ወይም ሲወለድ ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ከአንድ ሳህን ሱሺ ይህ የሚደርስበት ዕድል ትንሽ ነው። የሚደርሰው ጉዳት ግን የማይመለስ ነው፤ ምግቡን ደግሞ ከ4 ወር በኋላ ያገኙታል። ለዚህ ነው አሜሪካ ያሉ የጤና ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡር ጥሬ ዓሣ አትብላ የሚሉት፤ እኔም ከዚያ አላላላም። “ጓደኛዬ ዘጠኝ ወር ሙሉ በልታ ልጇ ደህና ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። ደስ ይላል፤ ለእርስዎ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጥሬ ሲባል ደግሞ ሳይታይ የሚያልፍ አለ። ቀዝቃዛ ጭስ የበላው ሳልመን በስሎ የመጣ ይመስላል፤ አልበሰለም። ካሊፎርኒያ ሮል ውስጡ ያለው ክራብ የሚመስል ነገር ከዓሣ የተሠራና የበሰለ ነው፤ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ብርቱካናማ የዓሣ እንቁላል ግን ጥሬ ነው። ያለ እንቁላሉ ይዘዙ። አንዳንድ ሮል ውስጥ የሚገባው ገና የበቀለ ጥሬ ቡቃያም ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ሜኑው ላይ ከምግቡ ስም አጠገብ ትንሽ ኮከብ ካለች ግርጌውን ያንብቡ፤ ምግቡ ጥሬ ወይም ያልበሰለ ነገር እንዳለበት ደንበኛው እንዲያውቅ ደንቡ የሚያስጽፈው ማሳሰቢያ ነው።

የበሰለ ሮል ቢያዙም ቢላዋውና መክተፊያው ጥሬ ዓሣ የተቆረጠበት ሊሆን ይችላል። “እርጉዝ ነኝ፤ በታጠበ ቢላዋና በንጹሕ መክተፊያ ይሁንልኝ” ማለት ነውር የለውም። ደህና ሼፍ ሳያኮርፍ ያደርገዋል። ከዚህ የሚሻለው ከባንኮኒው ሳይሆን ከኋላ ወጥ ቤት የሚመጣውን ማዘዝ ነው፤ የተጠበሰ ሳልመን ቴሪያኪ፣ ትኩስ ኡዶን ሾርባ፣ በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ሽሪምፕ ቴምፑራ። ኡናጊ የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣም ሁልጊዜ በስሎ ነው የሚቀርበው።

ዓሣ ጨርሰው እንዳይተዉ። ለልጁ አንጎል የሚጠቅም ስብ አለው። ኤፍዲኤ ለነፍሰ ጡር በሳምንት ከ8 እስከ 12 አውንስ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት የማይበዛበት ዓሣ ይመክራል፤ ከ225 እስከ 340 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሳልመንና ሽሪምፕ እዚህ ውስጥ ናቸው። ቱና ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢግአይ የሚባለው የቱና ዝርያ ሜርኩሪው ከፍ ያለ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ቢበስልም እንዳትበላው ይመከራል። ሱሺ ቤት የሚመጣው ቱና ብዙ ጊዜ ቢግአይ ወይም የሎፊን ነው፤ ሜኑው ግን “ቱና” ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ እዚያ ቤት ቱናውን እስኪወልዱ ይዝለሉት። ሜርኩሪ በማብሰል አይወጣም።

ጾም ለምትይዙ ሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተደጋግሞ ይጠየቃልና። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። ዓሣ ባትበሉም የአቮካዶና የኪያር ሮል አለላችሁ። ዓሣ የምትበሉ ደግሞ ስፓይሲ በሚባሉት ሮሎች ውስጥ ያለው ማዮኔዝ እንቁላል እንዳለበት፣ የፊላደልፊያ ሮል ክሪም ቺዝ እንዳለበት፣ የቴምፑራ ሊጥም ብዙ ጊዜ በእንቁላል እንደሚበጠበጥ እወቁ።

ለባለቤትዎ የምለው ይህ ነው። ጤነኛ አዋቂ ከሆኑ በሰፈራችሁ ቤት ፍሪዘር የገባውን ዓሣና የእርባታ ሳልመኑን ብዙ ሳይሰጉ ይብሉ። የጉበት በሽታ ያለበት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ሰውነት በሽታን እንዳይከላከል የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን፣ አዛውንትና ትንንሽ ልጅም፣ ከእርስዎ ጋር የበሰለውን ወገን ይያዙ። የተረፈ ጥሬ ሱሺ በቦክስ ወደ ቤት አታምጡ። ዓሣው ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ፣ በሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል። ለነገ ምሳ ብሎ ማስቀመጥ የለም።

እስካሁን በእርግዝናዎ የበሉት አያስጨንቅዎት። ምንም የማይሰማዎት ከሆነ ምርመራም መድኃኒትም አያስፈልግዎትም። ግን የሊስቴሪያ ምልክት ከተበላው ምግብ በኋላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም 2 ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማዎት “ጉንፋን ነው” ብለው አይተኙበት፤ ያንኑ ቀን ለእርግዝና ሐኪምዎ ይደውሉና ጥሬ ዓሣ መብላትዎን ይንገሩ። ሱሺ መብላትዎን ካልነገሩት ሐኪሙ ሊጠረጥረው አይችልም። ባለቤትዎም ሱሺ በበሉ ማግስት ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ቢይዛቸው ድንገተኛ ክፍል ገብተው መጀመሪያ የሚናገሩት ጥሬ ዓሣ መብላታቸውንና በስንት ሰዓት እንደበሉት ይሁን።